ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር

የእህቴን ልጅ ለመግደል የቀረኝ ጥቂት ትንፋሽ ነበር። ነገሩን አለዝቤ ለመጀመር ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። የሚለዝብ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ እንዳለ ላውራችሁ፤ ፍርዱን ግን እስክጨርስ ያዙልኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ አልመጣልኝም። ከኮላ ድባ ወደ ጎንደር መጥቼ፣ ማራኪ ሰፈር እህቴ በተከራየቻቸው ሁለት ክፍሎች ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሥራ የለኝም። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አፌም እንደ እግሬ ነው። እህቴ አለምነሽ በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ እኔ እታለም ነው የምላት። ባሏ ዳባት ያስተምራል፤ ዝውውር ጠይቆ ጠይቆ ደክሞት ትቶታል።

ሰው መጠርጠርን ግን ጎንደር አልተማርኩትም፤ ከቤት ይዤው ነው የመጣሁት። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አንድ እህል ገዢ፣ አባቴ በገበያ የሚያውቀው ሰው፣ ቤታችን አደረና ሲሄድ አንዲት የተጠቀለለች ጆንያ ትቶ ሄደ። ነገ እወስዳታለሁ አለ። በነጋታው እሱ አልመጣም፤ ፈታሾች መጡ። ጆንያዋ ውስጥ የተባዛ ወረቀት ነበር። አባቴ ወረቀቱን አላነበበውም፤ ጥቅሉንም አልፈታውም። ስምንት ወር ታስሮ ተመለሰ። ሲመለስ የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ከዚያ በኋላም ምግብ ቀረበ አልቀረበ ካልሆነ በቀር ብዙ አይናገርም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው ፊት ማየት ትቼ እጅ እጁን ማየት ጀመርኩ። የሰው ጥቅል ደግሞ አጠገቤ አይደርስም።

እታለም ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ጊዜው ሳይደርስ በቀዶ ጥገና ነው የወጣው። ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ አንገቱ ራሱን መሸከም አቅቶት እንደ ረጠበ ጨርቅ ይወድቃል። ቁስሏም መግል ይዞ አልድን አለ። አርባ ቀኑ ሲቃረብ ግን ባሏ ላከ፤ ክርስትናው እሁድ አባቱ ባደገበት ደብር ዳባት እንዲሆን፣ አያቱም ቄስ ናቸውና ሌላ ቦታ እንዳይታሰብ።

የሕፃኑ ወንበር ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። እታለም ክፍል ይሠሩ የነበሩ አንዲት የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገራቸው ሲመለሱ ልጃቸውን በማኪና ያመላልሱበት የነበረውን ወንበር ለእሷ ትተውላት ነበር። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ እንደ ገበታ ጎድጎድ ያለ፣ ውስጡ ስፖንጅ የለበሰ ነው። ማኪና ውስጥ ሲታሰር ፊቱ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሕፃኑ ጀርባውን ለሾፌሩ ሰጥቶ የመጣበትን መንገድ እያየ ይሄዳል። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ልጅ እቅፍ እያለለት ወንበር ላይ ይታሰራል ወይ ተባለ። እታለም ግን አልሰማችም። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ከእናቱ እቅፍ የወጣ ሕፃን ተረኛ ሆና ተቀብላለች። ምን እንዳየች ነግራን አታውቅም።

ሐኪሟ ወንበሩን ሲሰጧት ደጋግመው ያስጠነቀቋት አንድ ነገር ነበር። የወንበሩ መጋደም ነው። በጣም ከተጋደመ ማኪናው ሲቆም ልጁ ይንሸራተታል። ቀጥ ካለ ደግሞ የሕፃኑ ራስ ወደ ፊት ይወድቃል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል፣ የትንፋሹ መንገድ ይታጠፋል። አያለቅስም፤ ዝም ብሎ ነው የሚያልቀው። ለዚህ ሲባል በወንበሩ ጎን አንድ ቀይ መስመር ተሠምሯል፤ መስመሩ እንደ ረጋ ውሃ ልክ መሆን አለበት። እታለም ይህን ለኔ አስጠንታኛለች። «ሙሉ፣ እኔ ከነቁስሌ ፊት ነው የምቀመጠው። አንቺ ከጎኑ ነሽ። ሌላ ሥራ የለሽም፤ አገጩን ብቻ እያየሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

የሚወስደን አያ ቢሆነኝ ነው፤ የሆስፒታሉ ሾፌር። ዓርብ ዳባት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ያደርሳል፤ ከዚያ ደባርቅ አልፎ ሰኞ ይመለሳል። ድፍን ያለ፣ ቃል እየቆጠረ የሚያወጣ ሰው ነው። እኚያን ሐኪም ሁለት ዓመት ያመላለሳቸው እሱ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ወንበሩን ከኔ በላይ እንደሚያውቀው ግን አላሰብኩም።

ልጁ በተወለደ ሰሞን አያ ቢሆነኝ ከባለቤቱ ጋር ማርያም ማረችሽ ሊል ቤታችን መጥቶ ነበር። የዚያን ዕለት ጎረቤታችን ያስቀመጡትን ትንሽ ቢላዋ ከልጁ ትራስ ሥር አገኘሁ። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ አጠገቡ ብረት ካልኖረ ክፉ ነገር ይቀርበዋል ይባላል፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ግን ቢላዋውን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ፣ ልጁ ሽንኩርት ሊከትፍ ነው ወይ ብዬ ሰው ሁሉ ፊት አወጣሁት። አንዳንዱ ሳቀ። የአያ ቢሆነኝ ባለቤት አንገቷን ደፋች። እሱም ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ።

ዓርብ ጠዋት ላንድሮቨሩ ግቢ ገባ። የኋላ መቀመጫው ወደ መደገፊያው ያዘቀዝቃል፤ ወንበሩን ፊቱን አዙረን ስናስቀምጠው የልጁ እግር ወደ ዝቅተኛው፣ ራሱ ወደ ከፍተኛው ሆነና ወንበሩ እንደ ዘብ ቀጥ አለ። አያ ቢሆነኝ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለባት የመድኃኒት ብልቃጥ ከኪሱ አውጥቶ ከቀዩ መስመር ጎን በፕላስተር ለጠፋት። «ውሃውና መስመሩ አንድ ላይ ሲተኙ ሸጋ ነው» አለ። ከዚያ ከሾፌር መቀመጫው ሥር አንዲት ጥቅል ጎትቶ አወጣ። የክንድ ያህል ርዝመት ያላት፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ በክር የታሰረች ናት። መቀመጫውና መደገፊያው የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ሰገሰጋት። የወንበሩ እግር በኩል ከፍ አለ፤ ወንበሩ ተጋደመ። በገመድ ጠፍሮ አሰረው።

ብልቃጧን አየሁ። ውሃውና መስመሩ አልገጠሙም፤ ወንበሩ ከልኩ በላይ ተጋድሟል።

«በዛ እኮ» አልኩት። «መስመሩ ልክ አይደለም።»

«ግቢው ሜዳ ነው። እኛ ዳገት ነው የምንወጣው።»

«ጥቅሏ ውስጥ ምንድን ነው?»

ትንሽ ቆየና «ጨርቅ» አለ። ቀጥሎ «አንች ልጅ፣ ይችን ጥቅል እንዳትነኪያት» አለኝ።

አሁን ሳስበው የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ማኪናው ሽቅብ ሲወጣ ፊቱ ይነሳል፤ የሕፃኑ ራስ ያለው በማኪናው ፊት በኩል ነውና አብሮ ይነሳል፣ ወንበሩ ይቆማል። ስለዚህ ቀድሞ ማስተኛት ነበረበት። አሥራ ሁለተኛን ለጨረሰ ሰው ይህ ከባድ ሒሳብ አይደለም። የኔ ጆሮ የሰማው ግን ያቺን ቆይታ ብቻ ነው። ጨርቅ ለማለት ሰው ምን ያስቆየዋል? ወንበሩን ከልክ በላይ ያጋደመውስ ለጥቅሏ ቦታ ለማግኘት ቢሆንስ? ከሕፃን ሥር የሚፈትሽ ማን አለ?

እታለም ጠዋት መርፌ ተወግታ ስለነበር ወለቃን ሳናልፍ ፊት እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ልጁ አፍንጫው እያፏጨ ይተኛል። እኔ በመስታወቱ ውስጥ የአያ ቢሆነኝን ዓይን እጠብቃለሁ። እሱም ደጋግሞ ወደ ኋላ ያያል። ልጁን ነው ወይስ ጥቅሏን? ዳገቱ ሲጀምር ማኪናውን አቁሞ ወረደ፤ በኔ በኩል ያለውን በር ከፍቶ ብልቃጧን አየና ጥቅሏን በመዳፉ ገፋ አድርጎ አጠበቃት። አሁን ውሃውና መስመሩ ገጥመዋል። «ሸጋ» ብሎ ተመለሰ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ጥቅሏን ሲገፋ በጥንቃቄ፣ አንዱን ጫፍ ሳይነካ ነው የገፋት። የሚሰበር ወይም የሚፈነዳ ነገር የያዘ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው ብዬ አሰብኩ።

እንደተንቀሳቀስን እጄን በወንበሩ ሥር ሰድጄ ዳሰስኳት። ጨርቅ፣ ጨርቅ፣ ከዚያ ጠንካራ ነገር። ብረት ነው። ቀጭን ይጀምርና ወደ መያዣው ይወፍራል። የአባቴ ባዶ ድድ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ወደ ኮሶዬ ስንቃረብ ከላይ የሚወርድ የጭነት ማኪና መጣ። አያ ቢሆነኝ መብራት አሳይቶ አስቆመውና ወርዶ ሄደ። በመስኮቱ በኩል ይሰማኛል፤ ፊት ያለው ኬላ ዛሬ እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል። የወዲያኛው ሾፌር ዕቃ ሁሉ እያወረዱ፣ መቀመጫ ሳይቀር እየነቀሉ ነው አለው። አያ ቢሆነኝ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ጭንቀት አየሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለግሁም። እሱ ጀርባውን እንደሰጠኝ ጥቅሏን በሁለት እጄ መነጨኳት። ገመዱ ላላ። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ገደሉ ወረወርኳት፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ ነጭ ሆና ታየችኝ። ሹራቤን አውልቄ አጣጥፌ በቦታዋ ሰገሰግሁት። ወንበሩ የተጋደመ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምላችሁ፤ ብልቃጧን አላየሁም። ደግሞም ኮርቻለሁ። እህቴንና ልጇን ከእስር ያዳንኩ ነው የመሰለኝ።

ኬላው ላይ እንደተባለው ሆነ። የመድኃኒቱን ካርቶን አስከፈቱ፣ ከመቀመጫ ሥር በብረት ወጉ። አንዱ ታጣቂ የኋላውን በር ከፍቶ ልጁን አየና ሳቀ።

«እኛ ወደፊት እያልን ይሄ ምነው ወደ ኋላ ያያል?»

«ገና አልተማረም፤ ሲያድግ ይዞራል» አልኩት።

እጁን በወንበሩ ሥር አስገብቶ ሹራቤን ጎተተ፣ አራገፈ፣ ጠቅልሎ መለሰልኝ። አያ ቢሆነኝን አየሁት። ይደነግጣል ብዬ ስጠብቅ፣ በወዲያኛው በኩል ሆኖ ካርቶን እያሰረ ነበር፤ ሹራቡንም አላየም። እንዴት ያለ ደንዳና ሰው ነው አልኩ በሆዴ። ሹራቤን ተቀብዬ እንደነገሩ ወሸቅሁት።

ከኬላው በኋላ ዳገቱ ባሰ። እኔ አሁንም መስታወቱን ነው የማየው፤ ጥቅሏ አለመኖሯን ሲያውቅ ምን ያደርገኛል እያልኩ።

«ብልቃጧ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት።» ዓይኔን ከመስታወቱ ሳልነቅል ነው የመለስኩለት።

ሁለት ጥምዝ ያህል ሄድን። ከዚያ አያ ቢሆነኝ ማርሹን ቀነሰና ጆሮውን ወደ ኋላ አዘነበለ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይነቃ እንደሚፈራ ዓይነት፣ «የልጁ አፍንጫ ማፏጨቱን ተወ» አለ።

ያኔ ዞርኩ። ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የልጁ ራስ ወደ ፊት ወድቆ አገጩ ደረቱ ውስጥ ገብቷል። ከንፈሩ ሰማያዊ ቀለም የነካው መስሏል። ደረቱ አይንቀሳቀስም።

«እታለም» ነው ያልኩት።

ማኪናው መቼ እንደቆመ፣ እታለም ከነቁስሏ እንዴት ወደ ኋላ እንደዘለለች አላውቅም። ማሰሪያውን በጥርሷ ጭምር ፈታችው። ልጁን በጉልበቷ ላይ አስተኝታ አገጩን በአንድ ጣት ቀና አደረገች፤ አፍና አፍንጫውን በአፏ ሸፍና ትንሽ ትንሽ እፍ አለች። ውስጥ እግሩን በጥፍሯ መታች። እንደገና እፍ አለች። አያ ቢሆነኝ ኮፍያውን አውልቆ መንገዱ ላይ ተንበርክኳል። እኔ ስንት ጊዜ እፍ እንዳለች ቆጥሬአለሁ፤ ቁጥሩን ለማንም አልናገርም።

ልጁ አንድ ጊዜ አቃሰተ። ከዚያ እንደ ተረገጠ ድመት ያለ ድምፅ አወጣና አለቀሰ። እታለም ግን ዓይኗ ደረቅ ነበር። ቀሚሷ ላይ ከቁስሏ የወጣ ደም እየሰፋ ነው።

አያ ቢሆነኝ ተነስቶ ወንበሩ ሥር እጁን ሰደደ። የኔን ሹራብ ይዞ ወጣ።

«ጥቅሏስ?»

«ጣልኳት።»

«ምነው?»

«ብረት ነበረባት።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ቢላዋ ናት» አለ። «ባለቤቴ ናት የጠቀለለቻት። ሰባት ልጅ የታቀፈችበት ጋቢ ነው። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ገደል ለገደል ሲሄድ ባዶውን አይሂድ ብላ።»

«ምነው ታዲያ ስጠይቅዎ አልነገሩኝም?»

«ሽንኩርት ሊከትፍ ነው ወይ እንድትይ?»

ስለ ኬላው የጠየቀበትንም ምክንያት ያኔ ገባኝ። ዕቃ የሚያወርዱ ከሆነ ጥቅሏን ይነቅሏታል፤ ነቅለው ሲመልሷት ልኳ ይበላሻል፤ ዳገቱ መሀል እንደገና ማስተካከል አለበት። ሰውየው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ የሚያስበው ስለዚህ የወንበሩ መጋደም ብቻ ነበር። እኔ በየደቂቃው ያየሁት ጭንቀት ሁሉ ለልጁ የተጨነቀው ነው።

ካፖርቱን አውልቆ ጠቀለለ። ወንበሩን አስቀመጠና ሰግስጎ ገመዱን ያዘ። «ብልቃጧን እይ» አለኝ። «አንች ነሽ የምትነግሪኝ።» ትንሽ ይጨመር አልኩ፤ ጨመረ። ትንሽ ይቀነስ አልኩ፤ ቀነሰ። ውሃውና መስመሩ ሲገጥሙ ይበቃል አልኩ፤ አሰረው። እታለም ልጁን ራሷ አስቀመጠችው። ከዚያ እስከ ዳባት አንድ ጣቴን ከአገጩ ሥር አድርጌ ሄድኩ። ጣቴ ደንዝዞ የኔ መሆኑን ረሳሁት፤ አላነሳሁትም። እታለም ለባሏ የሆነውን አልነገረችውም፤ ደሙን መንገዱ ነው አለችው። እሁድ ልጁ ክርስትና ተነሳ፤ እኔ ከሰው ኋላ ቆሜ አየሁ።

አንባቢዎቼ፣ በዚያ ዘመን መጠርጠር ጥፋት ነበር ልላችሁ አልችልም። አባቴ ባለመጠርጠሩ ነው ጥርሱን ያጣው። የማይጠረጥር ሰው የት እንደሚገባ ያላየ ይህን ይናገር፤ እኔ አይቻለሁ። ግን የተሰጠኝ ሥራ አንድ አገጭ ማየት ነበር፤ እኔ የሰው ዓይን ሳነብ ዋልኩ። ጥርጣሬዬ ሁሉን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። የሚያየው ግን አንድ ጊዜ ያቃጠለውን ነገር ብቻ ነው፤ አጠገቡ ሌላ ነገር ቢያልቅ አይሰማውም። ደግሞም ሰው ከኔ የሚደብቀውን ነገር ሳይ፣ እንዲደብቀው ያደረግሁት እኔ ራሴ እሆን እንደሁ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እናንተም ከጎናችሁ ዝም የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የሳቃችሁበትን ቀን አስታውሱ። ይህን ስል ተለውጬ መልአክ ሆንኩ ማለቴ አይደለም። ዛሬም የሰው እጅ አያለሁ። ብቻ ከማየቴ በፊት የራሴን ሥራ አያለሁ።

የእታለም ቁስል ማክሰኞ መታየት ስላለበት ሰኞ ተመለስን። ጥቅሏን የወረወርኩበት ጋ ስንደርስ ማንም ሳይጠይቀው አያ ቢሆነኝ ማኪናውን ጠርዝ አስያዘ። ወደ ገደሉ ወረድኩ። እሾህ እጄን ቧጠጠኝ፤ ጥቅሏ ቀጋ ላይ ተንጠልጥላ፣ በጤዛ ርሳ፣ ክሯ እንኳ ሳይፈታ አገኘኋት። ይዤ ወጣሁ። አያ ቢሆነኝ ልጁ ክርስትና ስለተነሳ ብረቱ ከእንግዲህ ግድ አይደለም አለኝ። እንዳለ ይሁን አልኩት። ጥቅሏን ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኳት፤ አሁን የምንሄደው ቁልቁለት ነው፣ የልጁ ራስ ዝቅ ስለሚል ጥቅሏ መቅጠን አለባት። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ኬላው ሰኞ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ተተክሎ ነበር፤ ታጣቂው ግን ያው ነው። እጁን ሰዶ ጥቅሏን ጎትቶ አወጣት፤ ፈታት፤ ቢላዋውን በመዳፉ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሳው።

«ይሄ የማን ነው?»

አያ ቢሆነኝ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

«የኔ ነው» አልኩ።

ታጣቂው ቢላዋውን አየ፣ ልጁን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሁሉንም ጉልበቴ ላይ ጣለውና እለፉ አለ። እኔ ግን አላለፍኩም። ከኋላችን ጥሩምባ እየተነፋ፣ ጋቢውን ዘርግቼ ቢላዋውን መሀሉ አድርጌ ጠቀለልኩና ስንጥቁ ውስጥ ሰገሰግሁት። አያ ቢሆነኝ ገመዱን ሳበልኝ። ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ እንደሄደ በመስታወቱ አየኝ።

«ብልቃጧ እንዴት ናት?»

ጎንበስ ብዬ አየኋት። ልጁንም አየሁት። ከዚያ መለስኩለት።